ለጋራ ፍላሽ ኤክስፋት ይሻላል

ባለፈው ሴሚስተር፣ ፕሮጀክት በምናቀርብበት ዋዜማ፣ ቪዲዮውን ልገለብጥ ስል ባለ 32 ጊጋ ባዶ ፍላሼ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ አለኝ። ቦታ ጠፍቶ አይደለም፤ ፋት32 4 ጊጋ የሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስ ይቀበላል፤ ግን ማክ ያነበዋል እንጂ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አይጽፍበትም።

ከእጅ ወደ እጅ ለሚዞር የተማሪ ፍላሽ የምመርጠው ኤክስፋትን ነው፤ ዊንዶውስም ማክም አዳዲስ ሊኑክስም ያነቡታል፣ ይጽፉበታል። ፋት32ን ለአሮጌ ቴፕና ቲቪ እንተወው። ኤክስፋት እንደ ኤንቲኤፍኤስ የለውጥ መዝገብ ስለማይይዝ፣ ድንገት ሲነቀል ፋይል ሊበላሽ ይችላል፤ «ኢጀክት» ሳንል አንንቀል። ፎርማት ማድረግ ያለውን ስለሚያጠፋ አስቀድመን ሌላ ቦታ እንገልብጥ፤ የሰው ፋይል አማና ነው።