በሳንባ ነቀርሳ ጥርጣሬ የሚሸፈነው የሳንባ ደም መርጋት

በጅቡቲ ከተማ፣ እንደ ካርቲየ ሰባት ባሉ ሰው በተጨናነቀባቸው ሰፈሮች፣ ደረቱን የሚወጋውና ደም የቀላቀለ አክታ የሚተፋ ሰው ሲታይ ቀድሞ የሚጠረጠረው ሳንባ ነቀርሳ ነው። ጥርጣሬው መሠረት አለው፤ ጅቡቲ ከሕዝብ ቁጥሯ አንጻር በሽታው በብዛት ከሚታይባቸው አገራት አንዷ ሆና ቆይታለች። ይሁንና በእነዚሁ ምልክቶች የሚገለጥ፣ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል የሚችል ሌላ ሕመም አለ። ይህም ብዙውን ጊዜ በእግር ደም መላሽ ሥሮች ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ የሳንባን የደም ቧንቧ ሲዘጋ የሚከሰት ነው።

ሁለቱን የሚለየው በዋናነት ጊዜ ነው። ነቀርሳ ለሳምንታት እያሳለ፣ እያላበና እያከሳ ይመጣል። የደም መርጋት ግን በአብዛኛው በድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ይጀምራል፤ አንድ እግር ብቻ ማበጡም ጥርጣሬውን ያጠናክራል። በቅርቡ የወለደች እናት፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው። ከኢትዮጵያ ወደ ወደቡ ጭነት የሚያመላልሱ አሽከርካሪዎችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ አደጋውን በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል፤ ለጤናማ ሰው ግን አሁንም አነስተኛ ነው።

ሕክምና የሚያመጣው ልዩነት ከታወቀ ቆይቷል። እ.አ.አ በ1960 በእንግሊዝ ብሪስቶል በተደረገ ሙከራ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ካልተሰጣቸው 19 ሕሙማን አምስቱ በዚሁ ሕመም ሞቱ። መድኃኒቱን ካገኙት 16 ሰዎች ግን በዚህ ሕመም የሞተ አልነበረም።

ምርመራውን የሚያረጋግጠው ሲቲ ስካን በቅርብ ባይገኝ እንኳ የእግር አልትራሳውንድ የረጋውን ደም ሊያሳይ ይችላል። ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነና በሽተኛው ለመድማት የሚያጋልጠው ነገር ከሌለ ሐኪሞች ውጤቱን ሳይጠብቁ ሄፓሪን እንዲጀምሩ የሕክምና መመሪያዎች ይመክራሉ።

ነቀርሳ መገኘቱም ጉዳዩን አይዘጋውም። በሽታው ራሱ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። ከዋነኞቹ የነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ የዋርፋሪንን ኃይል ያዳክማል። ስለዚህ ሁለቱንም የሚወስድ በሽተኛ የደም ምርመራው በቅርብ ካልተከታተለ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ እየዋጠም ደሙ ዳግም ሊረጋበት ይችላል።