ስለ አውቶሞቢል ጭስ ማውጫ አመራረጥ

ቤትን ማስተዳደር ማለት ጓዳንና አዳራሽን ብቻ መጠበቅ አይደለም። ባለቤትና ልጆች የሚሳፈሩበት አውቶሞቢል እንደ አንድ የቤት ክፍል የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ደኅንነቱን መመርመር የአባወራውና የእመቤቲቱ ተግባር ነው። ስለዚህ በጅማ፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነትና በአካባቢያቸው ለሚኖሩ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ያረጀው የጭስ ማውጫ በአዲስ ሲለወጥ የትኛውን መምረጥ እንዲገባ በዛሬው ዐምዳችን ልንገልጽ አስበናል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጁ ያለውን አሮጌ አውቶሞቢል እየጠገነ የሚያሳድር ሰው እንግዲህ አንድ ቀን ማርሚታ መለወጡ አይቀርለትም። ይህ በጋራዥ የምንሰማው ስም እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ካምቢዮ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። የጭስ ማውጫው ሥራ ሦስት ነው፤ ይኸውም መርዘኛውን ጭስ ከተሳፋሪው አርቆ ማውጣት፥ የሞተሩን ድምፅ ማብረድ፥ ለሞተሩም መተንፈሻ መስጠት ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ድምፁ ነው፤ እኛ ግን ፊተኛው ይቀድማል እንላለን።

ምክንያቱም ከቤንዚን ሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር መልክም ሽታም የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከከሰል ምድጃ ወጥቶ ሰውን በእንቅልፉ የሚገድለው ይኸው ነው። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመውን ክፍል፥ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። ቱቦው ከወለሉ በታች ተበስቶ እንደ ሆነ፥ በክረምት ዝናብ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ከአጋሮ ወደ ጅማ የሚመጣ ቤተ ሰብ መርዙን ሳያውቀው ይተነፍሰዋል። የኋላውን በር ከፍቶ የቡና ጆንያ ጭኖ መሄድም ጭሱን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ልጆች ራሳችንን አመመን፥ አቅለሸለሸን ቢሉ ወይም ያለ ልማዳቸው ቢያንቀላፉ፥ የመንገድ ድካም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ወዲያው ቆሞ፥ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ሁሉን ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ቱቦውን የሚበላው የውጭ ጭቃ ብቻ አይደለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ከቤት ወደ ቢሮ፥ ከቢሮ ወደ ገበያ ብቻ የሚመላለስ አውቶሞቢል ቱቦው በደንብ ስለማይግል፥ ውሃው ከውስጥ ቀርቶ ያዝገዋል። ስለዚህ እንደ ጅማ ባለ ዝናብ በሚበዛበት አገር፥ ዋጋው ከፍ ቢልም ስቴንለስ የሚባለው ዝገትን የሚቋቋም ብረት ይመረጣል፤ አቅም ያልፈቀደለት አሉሚኒየም የተለበጠውን ይግዛ። ተራው ብረት በመግዣው ቀን ይረክሳል እንጂ በመለወጫው ብዛት ይወደዳል። በማርሚታው ሥር ትንሽ ቀዳዳ ቢገኝም ውሃው እንዲንጠባጠብ ፋብሪካው ያደረገው ሊሆን ስለሚችል፥ በያጁ ሳይጠይቅ አይድፈነው።

ሰፊ ቱቦ ጉልበት ይጨምራል የሚሉም አሉ። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ግን የጭሱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሞተሩም በዝግታ ሲዞር ይደክማል። ከግቤ ሸለቆ ዳገቱን ለሚወጣ ሰው የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው የዝግታ ጉልበት ነው። ስለዚህ ለሞተሩ ዐይነት የተሠራውን፥ ስፋቱም ከፋብሪካው ልክ ጋር የሚስማማውን መውሰድ ይሻላል።

ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ክፍል ፕላቲኒየም፥ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት አሉበት፤ ሥራውም መርዘኛውን ጭስ ወደ ቀለለ ጉዳት መለወጥ ነው። እነዚህ ማዕድናት ስለሚፈለጉ ቈርጦ መሸጥ በብዙ አገር የታወቀ ሌብነት ሆኗል። ስለዚህ ባለቤቱ ሥራው ሲሠራ አጠገብ ይቁም፤ የወለቀውንም አሮጌ ዕቃ ይቀበል።

ለጎረቤትም ማሰብ ይገባል። በመከር ወራት ቡናችን በመንገድ ዳር በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ቡና ደግሞ ሽታን የሚስብ ፍሬ ነው። ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚያልፍ መኪና የሰውን የዓመት ድካም ይበክላል፤ በሚያገሣ ማርሚታ ሌሊት የሚያልፍም የታመመውንና ሕፃኑን ከእንቅልፉ ያስነሣል።

ከተገጠመ በኋላ አውቶሞቢሉን በገላጣ ቦታ አቁሞ ሞተሩን ማስነሣትና በየመገጣጠሚያው የሚተነፍስ ድምፅ እንዳለ ማድመጥ፥ ከጥቂት ቀንም በኋላ ጥቁር ጥላሸት ታይቶ እንደ ሆነ መመልከት ነው። የቱቦው ጫፍ ከአካሉ ወጣ ማለቱም ይታይ፤ ከሥር የቀረ ጫፍ ጭሱን ወደ ተሳፋሪው ይመልሰዋልና። ቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ እንዲባል፥ ይህን ሁሉ ገንዘቡ ከኪስ ሳይወጣ፥ ልጆቹም ሳይሳፈሩ ማሰብ የብልህ ሥራ ነው።