ማዘዣውን የሚጽፈው ሐኪሙ ብቻ አይደለም

አውቶቡስ ተራ አካባቢ መድኃኒት ቤት ከፍቼ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። በየቀኑ የማነባቸው ማዘዣዎች ስለ ሕመምተኛው የሚናገሩትን ያህል ስለ ሆስፒታሎቻችንም ይናገራሉ።

በቅርቡ አንድ የምናለሽ ተራ ተሸካሚ ወንድሙን አሳክሞ መጣ። ሳንባ ምች ነው ተብሏል። ማዘዣው ላይ ሴፍትሪአክሶን፣ አንድ ግራም በመርፌ፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ7 ቀን ይላል። «አልጋ የለም፤ መርፌውን ጤና ጣቢያ እየሄዳችሁ ተወጉ አሉን» አለኝ። ዋጋውን ስነግረው ጥቂት አሰበና «ዶክተር፣ ለጊዜው የሁለት ቀኑን ብቻ ይስጡኝ» አለ።

ሐኪሙን አልወቅስም። ሕመሙን ያመጣውን ተህዋስ የሚለየው የካልቸር ምርመራ ውጤት ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ምርመራው በሌለበት ሆስፒታል ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። አልጋ ሞልቷል፣ ወረፋው በር አልፏል፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ሕመምተኛ ነገ ተመልሶ ይምጣ አይምጣ አይታወቅም። በዚህ መሐል ያለ ሐኪም ሰው እንዳይሞትበት ብዙ ዓይነት ተህዋስ የሚመታውን መድኃኒት ያዛል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አዝዝ ነበር።

ጉዳቱ ግን የሁላችንም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሴፍትሪአክሶንን በጥንቃቄ ሊታዘዙ ከሚገባቸው ፀረ ተህዋስያን መድቦታል። ያለ ምርመራ ሲታዘዝና በግማሽ ሲቋረጥ ተህዋሱ ሊለምደው ይችላል፤ ነገ ለሌላው ሕመምተኛ ላይሠራ ይችላል። መንግሥታት በመስከረም 2017 በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2030 በዓለም ላይ ከሚወሰዱት ፀረ ተህዋስያን ቢያንስ 70 በመቶው ድርጅቱ በቅድሚያ እንዲታዘዙ ከመደባቸው የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒቶች እንዲሆን ተስማምተዋል። ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪ ሳይኖር ይህን ከሐኪሙ እስክሪብቶ ብቻ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በግንቦት 2017 የአገራችን የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው ነበር። ብዙዎቻችን የደመወዙን ብቻ ሰማን። በተረኝነት አዳሩን ሳይተኛ ያነጋ ሐኪም በጠዋት የሚወስነው ውሳኔ ግን በእኛው ሰውነት ላይ ነው የሚያርፈው።

የሆስፒታል አስተዳደሮች ሆይ፣ ላቦራቶሪውንና የመድኃኒት መጋዘኑን ከሕንፃ እድሳት አስቀድሙ። ሐኪሞች ሆይ፣ በአልጋ ወይም በምርመራ እጦት የቀየራችሁትን ሕክምና በካርዱ ላይ ጻፉት፤ ለቤተሰቡም ንገሩት። ያልተጻፈ እጦት በጀት አይመደብለትም። አንባቢ ሆይ፣ የመድኃኒቱ ገንዘብ ካልሞላልህ በግማሽ ገዝተህ ዝም አትበል፤ ለሐኪሙ ወይም ለመድኃኒት ባለሙያው ተናገር፤ በአቅምህ የሚገኝ ሌላ መድኃኒት ካለ አብረን እንፈልጋለን።