ሕክምናው ይቅደም፣ ደብዳቤው ይከተል

ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ጥቃት ደርሶባቸው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጡ ሴቶች የሚስተናገዱበት አሠራር እንዲታረም ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የ3 ልጆች እናት፣ እንጀራ ጋግሬ የማድር የክፍለ ከተማው ነዋሪ ስሆን፣ የጽሕፈት ቤቱን ክብር ጠብቄ ይህን አቤቱታ በትህትና አቀርባለሁ። ሐኪሞቹን ለመክሰስ አልመጣሁም፤ ልጆቼን ያዋለዱኝ እነሱ ናቸው። አቤት የምለው በአሠራሩ ላይ ነው።

1. አምና ባለቤቴ በጥፊ መትቶኝ የግራ ጆሮዬ ደማ። ጤና ጣቢያ የወሰደኝም እሱ ራሱ ነው። “ምን ሆነሽ ነው?” ተብዬ የተጠየቅሁት እሱ አጠገቤ ቆሞ፣ ወረፋ የያዙት በር ላይ ሆነው እየሰሙ ነው። “ወድቄ ነው” አልኩ። ካርዴ ላይም እንዲሁ ተጻፈ። የጆሮዬ ታምቡር መቀደዱ የታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ዛሬ በዚያ ጆሮዬ አልሰማም፤ ሌሊት ሌሊት ይጮህብኛል፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ክስ በመሠረትኩ ጊዜ ደግሞ ያው ካርድ ማስረጃ ሆኖ ቀረበብኝ።

2. ዘንድሮ አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ማታ ተደፈረች። እሑድ ጠዋት ይዣት ስሄድ “መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ” ተባልን። ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ መርማሪዋ ሰኞ እንደምትገባ ተነገረን። ሰኞ ቃሏን ሰጠች፤ ደብዳቤው ተፈርሞ የወጣው ማክሰኞ ከሥራ ሰዓት በኋላ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ አንገቷን ደፋች። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የእኛ 72 ሰዓት ማክሰኞ ማታ አልቋል። ደብዳቤው ግን ቁጥሩም ማኅተሙም ሙሉ ነበር።

3. የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 552 ተደፍራ ያረገዘች ሴት ፅንሱ እንዲቋረጥላት ስትጠይቅ ከቃሏ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋትም ይላል። ሕጉ ለዚህን ያህል ከባድ ጉዳይ ቃሏን ካመነ፣ ለክኒን ደብዳቤ የምትጠየቅበት ምክንያት አልገባኝም።

4. ነገሩ የእኔ ቤት ገመና ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ትዳር ካዩ 100 ሴቶች መካከል 34ቱ ከባል የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው መዝግቧል። ስንቶቹ በዚያው በር “ወድቄ ነው” ብለው እንዳለፉ ካርዱ አይናገርም።

ስለዚህ፦

ሀ) ተጠቂዋ በቃሏ ብቻ ወዲያውኑ እንድትታከም፣ ደብዳቤው በኋላ እንዲመጣ፤

ለ) በር ተዘግቶ፣ አብሯት የመጣው ሰው ውጭ ቆይቶ፣ ለብቻዋ እንድትጠየቅ፤

ሐ) የተናገረችው ከአፏ እንደወጣ፣ የታየባት ጉዳትም ከነቦታውና ከነመጠኑ በካርዷ ላይ እንዲጻፍ፤

መ) መድኃኒቱ በበዓልም፣ በእሑድም፣ በሌሊትም በተረኛ ባለሙያ እጅ እንዲገኝ፤

ትእዛዝ እንዲሰጥልን እለምናለሁ።

እኛ የልጅቷን የ3 ወር የደም ምርመራ ቀን እየቆጠርን ነው። መድኃኒቱ ለእሷ አልደረሰም። ከእሷ በኋላ ለምትመጣው እንዲደርስ ግን ምላሹ በአስቸኳይና በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ያቀረብኩት ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አመልካች