የዘነበወርቅ ልጆችና ከአጥር ወዲያ ያለው ላቦራቶሪ

በአዲስ አበባ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና ሲኬድ ዘነበወርቅ ላይ የአለርት ሆስፒታል ሰፊ ግቢ አለ። አለርት በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ማከሚያና ማሠልጠኛ ሆኖ ተቋቋመ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ አህሪ፣ ተከፈተ። ከአህሪ ቀደምት ዳይሬክተሮች አንዱ ቶሬ ጎዳል ኋላ የዓለም ጤና ድርጅትን የሐሩር በሽታዎች ምርምር ፕሮግራም የመሩ፣ ጋቪ የተባለውንም የክትባት ጥምረት ሲጀመር በሥራ አስፈጻሚነት የያዙ ሰው ናቸው። የዓለም ሳይንስ ከኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ አንድ ግቢ ይህን ያህል ተጠቅሟል። ሳይንሱ የቆመው ግን በሰፈሩ ሕመም ላይ ነው። ሕክምና ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው፣ ድነውም እንኳ መገለሉን ፈርተው ወደ ቀያቸው መመለስ ያልቻሉ ሰዎች አጥሩ ሥር ጎጆ ቀለሱ፤ ደማቸውንና የቆዳቸውን ናሙና ለምርምር የሰጡም እንደነሱ ያሉ ሕሙማን ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በአካባቢው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይማራሉ። በዚያ ላቦራቶሪ ነገ ነጭ ካፖርት ለብሰው የሚሠሩ ከነሱ መካከል ይወጡ ዘንድ መንገዱን ማበጀት የኛ ዕዳ ነው እላለሁ።

መንገዱ እንዳልተበጀ የፈተና ውጤት ይናገራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ወደ 3.2 ወረደ፣ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከፍ አለ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን የተማሪ ስንፍና ወይም የኩረጃ መከልከል ውጤት አድርጎ ይተወዋል። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከመቶ ሰባው የዩኒቨርሲቲ ቦታ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ኮታው ከላይ ወረደ፤ ከታች ግን የኬሚስትሪ መምህር ቲትሬሽንን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየሣለ የሚያስተምርበት፣ የቤተ ሙከራው ቁልፍ የት እንዳለ የሚጠፋበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ የጎደለውን በግል ትምህርት ቤትና በአስጠኚ ይሞላል። እናቷ እንጀራ ሸጣ የምታስተምራት ልጅ ግን፣ ከትምህርት መልስ ውኃ ቀድታ ታናናሾቿን ይዛ፣ ሰሌዳ ላይ ያየችውን ሥዕል ብቻ ይዛ ፈተና ትገባለች።

መፍትሔ ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው አዲስ ሕንፃ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ግን የሚጎድለው ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ያለው ነገር እርስ በርሱ አልተገናኘም። በአንድ አካባቢ የምርምር ተቋም፣ ትልቅ ሆስፒታል፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የቆሻሻ ኃይል ማመንጫና ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን አሉ። ማመንጫው አጠገብ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ክምር አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ክምር ለምን ይናዳል? ዝናብ ገብቶ ሲከብድና መያያዣው ሲላላ ዳገቱ የሚሸከመው ስንት ነው? የበሰበሰው ቆሻሻ የሚያወጣው ጋዝ ምንድን ነው፣ ቆሻሻውስ ሲቃጠል እንዴት ተርባይን ያዞራል? የፊዚክሱና የኬሚስትሪው መጽሐፍ ምዕራፎች እነዚህ ናቸው፤ ለዚያ ሰፈር ልጅ ደግሞ የጎረቤት ሞት ናቸው። ይህን ከክፍል ውጭ መተው ትልቅ ብክነት ነው።

ተቋማትን ማቀናጀት በሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ማርክ ጌልፋንድ የተባሉ አሜሪካዊ በቢሾፍቱ ፎቃ የጀመሩት የሳይንስ ማዕከል ስቴምፓወር በሚባለው ድርጅት በኩል ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲስፋፋ፣ ዩኒቨርሲቲው ቤትና ባለሙያ ያቀርባል፣ ድርጅቱ መሣሪያ ያመጣል፣ በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶች ልጆች ይልካሉ። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚላኩት ቀድመው ደረጃ የወጡት መሆናቸው ነው። ጎበዙን ማጎበዝ እኩልነት አይባልም። ሁሉንም ልጅ የሚያዳርስ ሥራ ሲታሰብ የአዲስ አበባ የትምህርት ቤት ምገባ የተሻለ ምሳሌ ነው። የሚበላው በውጤቱ ተመርጦ አይደለም፤ በጀት አለው፣ ምግቡን የሚያበስሉት እናቶችም ደመወዝ አላቸው። የሳይንሱ ቅንጅትም እንደዚህ በጀትና ተጠያቂ ሰው ያስፈልገዋል።

ላቦራቶሪው ከትምህርት ቤቶች ጋር ይገናኝ ሲባል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው፣ የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስያን የሚመረመሩበት ቦታ ለልጅ አይሆንም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ተህዋሲ ወደሚራባበት ክፍል ማንም ተማሪ መግባት የለበትም። ለማስተማሪያ ተዘጋጅቶ የታሸገ ስላይድ ግን አይተላለፍም። ናሙናው በቀይ ቀለም ተነክሮ በአሲድ ሲታጠብ ሌላው ሁሉ ቀለሙን ይለቃል፤ የሥጋ ደዌው ባክቴሪያ በሰም የተለበጠ ግድግዳ ስላለው ይዞ ይቀራል። ከዚያ ሰማያዊ ይጨመርበታል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሰማያዊው መካከል ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች ብቅ ይላሉ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ አያቷን ከሰው ያራቀውን ነገር በዓይኗ ስታየው፣ እርግማን ሳይሆን በመድኃኒት የሚጠፋ ባክቴሪያ መሆኑን ስትረዳ፣ ባዮሎጂ ለሕይወቷ ቅርብ ይሆናል። ይህ ደግሞ ልጆች ወደ ግቢው ሳይገቡም ይቻላል፤ መምህራኑ በክረምት ሠልጥነው ስላይዱንና ማይክሮስኮፑን ወደ ክፍላቸው ይውሰዱት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ ማንበብና መደመር ያልቻለ ልጅ ባለበት ስለ ማይክሮስኮፕ ማውራት ቅንጦት ነው ይላል። ግማሹን እቀበላለሁ፤ ንባብና ሒሳብ ሳይጠና ሳይንስ አይቆምም። ነገር ግን አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀመር ብንል ዛሬ 9ኛ ክፍል ያለው ልጅ ሳይንሱ ሳይደርሰው ያልፋል። የተመራማሪ ጊዜ ውድ ነው የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ አያሳምነኝም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከማስተማርና ከምርምር ጋር የማኅበረሰብ አገልግሎት ግዴታ አለባቸው፤ አንድ የአህሪ ተመራማሪም እንደዚሁ በወር አንድ ከሰዓት ለመምህራን ቢያውል፣ ያም በሥራ ምዘናው ቢቆጠርለት፣ ምርምሩ አይጎዳም።

እኔን የሚያሠጋኝ ሌላ ነው፦ በተቋማቱና በትምህርት ቤቶቹ መካከል የመግባቢያ ሰነድ ተፈርሞ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ፋይሉ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ። ስለዚህ ሰነዱ ላይ የትምህርት ቤቶቹ ስም፣ ቀኑ፣ ለሪኤጀንት የሚወጣው ብርና የሚከታተለው ሰው ኃላፊነት በግልጽ ይጻፍ። የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስተባባሪ ይሁን፤ ወላጆችም በኮሚቴው ይቀመጡ። መንገዱም ዶክተር በመሆን ብቻ አይለካ፤ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ፣ የማመንጫ ኦፕሬተር ሆኖ ሰፈሩ አጠገብ ደመወዝ መብላት ለኮልፌ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ሆስፒታሉና ማመንጫው በየዓመቱ ለሙያ ተማሪዎች የተግባር ልምምድ ቦታ ይመድቡ፤ ከቦታው ግማሹ ለሴቶች ይሁን። መምህራኑ በክረምት ከሠለጠኑ የመጀመሪያዎቹ ስላይዶች በመስከረም ክፍል ሊገቡ ይችላሉ።