ማሽኑ ተከፍቷል፤ እኛስ?

ከመገናኛ በጉርድ ሾላ አድርጋችሁ እስከ ሲኤምሲና አያት፣ ወይም ከቦሌ መድኃኔዓለም ተነስታችሁ በገርጂ በኩል እስከ ጎሮ እየዞራችሁ ብትጠይቁ፣ ባለፉት ሃያ ዓመታት እዚህ ያደገ ወንድ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል ትምህርት ሚኒስቴር የማያውቀው አንድ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ ጌም ቤት። ወላጆቻችን ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል። የወረዳ ሹሞችም በየጊዜው «አዋኪ» ከሚሏቸው ቤቶች ተርታ ያሰልፉታል፤ ትምህርት ቤት አጠገብ ከተገኘ ደግሞ ያሽጉታል። እኛ ዛሬ ጌም ቤቶችን ልንከስም ልናወድስም አልተነሳንም። የተነሳነው ብዙ ሰው ልብ ያላለውን አንድ ነገር ለማንሳት ነው፤ በእነዚያ ጠባብ ክፍሎች ተደርድሮ የኖረው ማሽን «የተከፈተ» ማሽን መሆኑን።

የተከፈተ ስንል ምን ማለታችን ነው? ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀርቦ፣ ምርቱ እስከቆመበት እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው። ሶኒ ሲሠራው ታዲያ በሩ ላይ ዘበኛ አቁሞበታል፤ ኩባንያው ያላጸደቀው ሲዲ ከገባ ማሽኑ አይነሳም። ዘበኛ ባለበት ግን መዝለያ አይጠፋም። መጀመሪያ የመጣው ቺፕ ነበር፤ ቦርዱ ላይ በቀጫጭን ሽቦዎች ይበየድና ዘበኛውን «ይሄ ኦሪጅናል ነው» ብሎ ያታልለዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፍሪ ማክቡት የሚባል ፕሮግራም ወጣና ያንን ሁሉ ጣጣ 8 ሜጋባይት በምትይዝ ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ከተተው። ቀጥሎ ጌሙን ከፍላሽና ከሃርድ ዲስክ የሚያነሳው ኦፕን ፒኤስ2 ሎደር መጣ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 ደግሞ የማሽኑን የዲቪዲ ማጫወቻ ስህተት ተጠቅሞ፣ ያለ ቺፕና ያለ ካርድ፣ በተራ ዲቪዲ ብቻ በሩን የሚከፍት ዘዴ ይፋ ሆነ።

ለምን እንደተከፈተ ሁላችንም እናውቃለን። የኦሪጅናል ጌም ዋጋ ጨዋታን በጥቂት ብር ከሚያከራይ ቤት ገቢ ጋር በምንም ሒሳብ አይታረቅም። የሚገዛ ቢገኝ እንኳ ሻጩ እኛን አያውቀንም፤ የሶኒ የኢንተርኔት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለውን ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያወጡ ባዘዘ ጊዜ፣ አካውንቱ በማይሰጥባቸው ከ170 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከሽያጭ ወርዶ ነበር። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ትእዛዙን አጠፈ። እኛ ግን ያን ሰሞን አንድ ነገር ገባን፤ የተዘጋ በር ፊት የቆምነው ብቻችንን አይደለንም።

ሙያ በልብ

አሁን ወደ ጠጋኞቹ እንምጣ። ማሽኖቹ ወደ ሰፈራችን የገቡት አብዛኞቹ በሻንጣ ነው፤ ከዱባይ፣ ከአሜሪካ። ከአሜሪካ የመጣው ወፍራሙ ፕሌይስቴሽን 2 የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ በ220 ቮልት ሶኬት ሲሰኩት ገና ሳይነሳ ይቃጠላል። ከዚህ ቢያመልጥ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይመጣል፤ ማሽኑ የሚልከው ኤንቲኤስሲ፣ የዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን የለመደው ፓል ነበርና። ጥቂት ወራት ሲሠራ ደግሞ «ሲዲ አላነብም» ይላል። ሌንሱ አቧራ ጠጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ሌዘሩ ደክሞም ሊሆን ይችላል። ጠጋኙ መጀመሪያ ይጠርጋል። አልሆን ሲል የሌዘሩን ኃይል የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን በጥቂቱ ያዞራል፤ ትንሽ ካበዛት ሌዘሩን ለዘለዓለም ያሰናብተዋል።

ከፍላሽ መጫወት ሲጀመር ችግሩም ተለወጠ። ጌሙ ይነሳል፤ በመሐል ያለው ፊልም ግን ይንቀጠቀጣል። የማሽኑ የፍላሽ መሰኪያ በጥንቱ ፍጥነት፣ በሰከንድ በ12 ሜጋቢት የሚሠራ ስለሆነ ነው። ወይም ጌሙ ጭራሽ አልነሳ ይላል፤ ፋይሉ ፍላሹ ላይ ተቆራርጦ ተቀምጧልና ሎደሩ ተያይዞ እንዲቀመጥ ይፈልጋል። መፍትሔው ፍላሹን አጽድቶ ፋይሎቹን እንደ አዲስ በተራ መገልበጥ ነው። ፍጥነት የፈለገ ደግሞ በኔትወርክ ገመድ ከኮምፒውተር ያነሳዋል።

ይህን ሁሉ የሚያውቀው ልጅ ብዙ ጊዜ ዲፕሎማ የለውም። ግን የሚሠራውን አስተውሉ። ገመዱን ይቀይራል፣ አልሆነም። ሚሞሪ ካርዱን ይቀይራል፣ አልሆነም። ሌላ ጌም ይሞክራል፣ ሠራ። «ስለዚህ ችግሩ ፋይሉ ላይ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ እውነቱን ማጥበብ! ይህ ሳይንስ ካልሆነ እንግዲህ ሳይንስ የትኛው ነው?

ቅሬታችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ይህ ዕውቀት አልተጻፈም። «ሙያ በልብ» የሚለው የአባቶች ብሂል ጌም ቤት ድረስ ወርዶ፣ ጠጋኙ ካርዱን «ሲጭን» ስክሪኑን ወደ ራሱ ያዞራል። ደንበኛው አይቶ እንዳይማርበት ነው። የእንጀራ ጉዳይ መሆኑ ይገባናል፤ አንፈርድበትም። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። አንድ ጠጋኝ አገር ሲቀይር ወይም ወደ ስልክ ጥገና ሲዞር፣ የአሥር ዓመት ዕውቀት ከሰፈሩ አብሮት ይወጣል፤ የሚተካው ልጅም ያንኑ ብሎን ከዜሮ ጀምሮ እያዞረ ያንኑ ሌዘር ያቃጥላል።

የቤት ጠላ

በሌላው ዓለም የተከፈተ ማሽን ሁለት ዓይነት ሰዎችን ወልዷል። አንደኛው እንደ እኛ የሌላውን ጌም ገልብጦ የሚጫወት ነው። ሁለተኛው ግን የራሱን ፕሮግራም ጽፎ በማሽኑ ላይ የሚያስኬድ ነው። ፈረንጆች ይህን ሥራ «ሆምብሩ» ይሉታል፤ ቤት ውስጥ የተጠመቀ እንደማለት ነው። እኛ አገር ቢሆን «የቤት ጠላ» በተባለ ነበር። ፋብሪካ ሳይፈቅድላት እናታችን በራሷ ጌሾና ብቅል እንደምትጠምቀው ማለት ነው።

ልብ በሉ! ፍሪ ማክቡትም፣ ኦፕን ፒኤስ2 ሎደርም፣ ፋይል የምንገለብጥበት ዩላውንች የሚባለውም ራሳቸው የቤት ጠላ ናቸው። ያለ ክፍያ በትርፍ ጊዜያቸው የጻፏቸው ሰዎች በነፃ ለቀቋቸው። እኛ ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚያ ጋን ስንጠጣ አንድ ቀን ድፍድፍ አልጣልንም። ያው በር የሌላውን ጌም ለማስገባት ከተከፈተ፣ የራሳችንን ለማስገባትም ተከፍቷል። እኛ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተመላለስንበት።

ከባድ ነው እንዳትሉ። የሚያስፈልገው ኮምፒውተር፣ ፍላሽና ካርድ ነው። ፒኤስ2 ኤስዲኬ የሚባለው የመሥሪያ ዕቃ በነፃ ይገኛል። ኮዱ በሲ ቋንቋ ይጻፋል፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በወረቀት ላይ የሚፈትኑበት ያው ሲ! ኮዱ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ሲተረጎም አንድ ፋይል ይወጣዋል፤ ያንን በፍላሽ ወስዶ በዩላውንች ማስነሳት ነው። ማሽን የሌለው ፒሲኤስኤክስ2 በሚባለው ኢሙሌተር ኮምፒውተሩ ላይ ይሞክራል።

ሲበላሽስ? ይበላሻል እንጂ! መጀመሪያ የምታገኙት ጥቁር ስክሪን ነው። ማሽኑ ምን እንደነካው አይናገርም። ስለዚህ ሠሪዎቹ አንድ ቀላል ዘዴ አላቸው፤ ኮዱ አንደኛው ቦታ ሲደርስ የስክሪኑን መደብ ቀይ ያደርጉታል፣ ሁለተኛው ሲደርስ አረንጓዴ፣ ሦስተኛው ሲደርስ ሰማያዊ። ስክሪኑ አረንጓዴ ላይ ከቀረ ስህተቱ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ኢሙሌተሩ ላይ የሮጠ ኮድ እውነተኛው ማሽን ላይ እምቢ ሲልም አለ፤ ማሽኑ ዳታው በማስታወሻው ውስጥ በትክክለኛው ቦታ ካልተደረደረ አይታገሥምና። ገመዱን፣ ካርዱንና ፋይሉን ተራ በተራ እየለወጠ ችግር የሚያድነው የገርጂው ልጅ ለዚህ ሥራ እንግዳ ነው ትላላችሁ? እኛ ግማሹን መንገድ ሄዷል ባዮች ነን።

ምን እንሥራበት ለሚል ደግሞ አንድ ሐሳብ አለን። ገበጣ! ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን የገበጣ አጨዋወቶች በየዓይነቱ መዝግበው አስቀምጠዋል። ጉድጓዶችና ጠጠሮች፣ መቁጠርና መዝራት፤ ለጀማሪ ፕሮግራመር ከዚህ የተሻለ ልምምድ አይገኝም። ጽሑፉን በራሳችን ፊደል እናድርገው ካልን ፊደሉን ራሳችን መሣል አለብን፤ ማሽኑ ፊደላችንን አያውቀውም። ሒሳቡ ግን አያስፈራም። 33 በ7 ብናባዛ 231 ፊደል ነው። እያንዳንዱን በ16 በ16 ነጥብ ብንስለው 32 ባይት ይፈልጋል። በድምሩ 7,392 ባይት። ከሀ እስከ ፐ ሁሉም ገብተው 32 ሜጋባይት ባለው ማሽን ውስጥ የት እንደደረሱ እንኳ አይታወቅም።

«ሌብነት አይደለም ወይ?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ መምጣትም አለበት። መገልበጥ ጉዳት አለው። ሙዚቀኞቻችን በተገለበጠ ካሴትና ሲዲ ስንት ዘመን እንደከሰሩ የማያውቅ የለም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጌም የሚሠሩ ወጣቶችም አሉን። ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለ፣ ከሚያሳድዳት ገበሬ የምትሮጥ ዶሮ ያለችበትን የስልክ ጌም ሠርቷል። እሱ በየፍላሹ ተገልብጦ ቢበተን ደስ ይለናል? አይለንም። የሌላውን ላብ በነፃ መውሰድን «ዕውቀት» ብለን ልናሽሞነሙነው አንፈልግም።

ነገር ግን መገልበጥና መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የገዛሁት ማሽን ላይ የራሴን ኮድ ሳስኬድ የማንን ላብ ወሰድኩ? ሶኒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን ሲያወጣ ሊነክስ እንዲጫንበት ፈቅዶ ነበር፤ የአሜሪካ አየር ኃይል ከ1,700 በላይ የሚሆኑትን አገናኝቶ ትልቅ የስሌት ኮምፒውተር ሠርቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2010 ኩባንያው ያንን ፈቃድ በሶፍትዌር ዝመና ሰረዘው። ገንዘባቸውን ከፍለው የገዙት ሰዎች «ማሽኑ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ፍርድ ቤት ድረስም ሄዱ። የእኛም ጥያቄ ያው ነው። ጠላ የሚጠምቅንና ከሰው ጓዳ ጠላ የሚሰርቅን በአንድ ስም አትጥሩ ነው የምንለው።

«በስልክ ዘመን ያረጀ ማሽን ምን ያደርግልናል?» የሚሉም አይጠፉም። ስልክ ላይ መጀመርም ይቻላል፤ ማንም አይከለክልም። ይህ ማሽን ግን በእጃችን ያለ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ነው። 32 ሜጋባይት ውስጥ ጌም ማስገባት የለመደ ሰው የትም ቦታ አይሰንፍም። ማርጀቱ ደግሞ ጊዜ እንደሌለን ነው የሚነግረን፤ ሌዘሮቹ እየሞቱ፣ ጠጋኞቹ እየተበተኑ ነው።

የልጆች እጅ ምን ያህል እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ለማያውቁ ሕፃናት ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አስቀምጦ ሄደ፤ አስተማሪም መመሪያም አልነበረም። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው መጠቀም ጀምረዋል። የወንጪ ሕፃን ያለ አስተማሪ የከፈተውን፣ የሲኤምሲ ጎረምሳ አስተማሪ ቢያገኝ የት ባደረሰው!

መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን በኢንተርኔት የማሠልጠን ዕቅድ ይፋ አድርጓል። እሰየው ብለናል። ግን ሰርተፊኬት ብቻውን ጥቁር ስክሪን አያድንም። ጥቁር ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጦ ተስፋ አለመቁረጥን የለመዱት ልጆች ያሉት ጌም ቤት ነው፤ እነሱን የጠራቸው የለም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። ጠጋኞች ሆይ፣ ስክሪኑን ወደ ልጁ አዙሩት፤ የምታውቁትንም በአማርኛ ጻፉት፣ ስማችሁ ይቆያል። የጌም ቤት ባለቤቶች፣ ደንበኛ በማይበዛበት ጠዋት አንዷን ማሽን ኮድ ለሚሞክሩ ልጆች ልቀቁ። የወረዳ ሹሞቻችንም ቤቱን ከማሸጋችሁ በፊት ውስጥ ያለውን እጅ እዩት። ወላጆችም ልጃችሁ «ጌም ቤት ነበርኩ» ሲላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ «ስትጫወት ነው ወይስ ስትሠራ?» መልሱ «ስሠራ» የሚሆንበት ቀን እንዲመጣ፣ በሩን በሌላኛውም አቅጣጫ መጠቀም እንጀምር።