አዲስ መሣሪያ እስኪመጣ አንጠብቅ

የማኅፀን ጫፍ ካንሰር በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ብዙ ሴቶችን የሚያጠቃ በሽታ ነው። መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ሲሆን፣ ሕዋሳቱ ወደ ካንሰር እስኪለወጡ ዓመታት ይወስዳል። ያ ጊዜ ሳያልፍ የተደረሰበት ይድናል፤ ችግሩ ብዙዎች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው።

በብርሃን ስፔክትሮስኮፒ ላይ የሚደረገው ምርምር ተስፋ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የተመረጠ ብርሃን በማኅፀን ጫፍ ላይ ያርፋል፤ መሣሪያው ተንጸባርቆ የሚመለሰውንና ሕዋሳቱ የሚያመነጩትን ፍካት ይለካል። ጤናማውና መለወጥ የጀመረው ሕዋስ ለብርሃን የሚሰጡት ምላሽ ስለሚለያይ፣ ናሙና ሳይቆረጥ የሚያጠራጥረውን ቦታ መጠቆም ይቻላል።

በጤና ተቋሞቻችን የሚሠራበት የአሴቲክ አሲድ ምርመራ ርካሽና ፈጣን ቢሆንም ውጤቱ በመርማሪው ዓይንና ልምድ ላይ ይመሠረታል። ብርሃኑ ይህን ዓይን ሊያግዝ ይችላል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቴክኖሎጂውን በቅርብ ይከታተሉ፤ ጤና ሚኒስቴርም በአገራችን ሁኔታ እንዲፈተሽ በር ይክፈት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2030 ከሴቶች 70 በመቶው እስከ 35 ዓመታቸው፣ እንደገናም እስከ 45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ ግብ አስቀምጧል። እናቶችና እህቶች ግን አዲስ መሣሪያ አትጠብቁ፤ ባለው ምርመራ ዛሬውኑ ተመርመሩ።